የጋሼ ግራጫ ዓይኖች

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ግራጫ ይለዋል። ሱቁ በጫማ አዳሹና በመድኃኒት ቤቱ መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ ግድግዳውን ሞልቶ የተደረደረ ክር። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሰው ሱፍ ሊያሰፋ ገብቶ «ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻለኛል?» ካለው፣ ጥያቄው ሳያልቅ «ግራጫ ይሻላል» ብሎ ይመልሳል። ለሙሽራ ግራጫ፣ ለጡረተኛ ግራጫ፣ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ግራጫ። «ግራጫ እድፍ አይዝም፣ ግራጫ ጊዜ አያልፍበትም፣ ግራጫ ሰው ፊት አያሳፍርም» ይላል ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ጎረቤቱ ጫማ አዳሽ «እኚህ ሰውዬ ቀስተ ደመና ቢሰጣቸው ግራጫ ገበር ያደርጉለታል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ደንበኛ ግን አልጎደለበትም። እጁ የተባረከ ነው። እሱ የሰፋው ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጎባጣው ሰው ሳይቀር ቀና ብሎ ይሄዳል። ግራጫውን እንደ ሰውየው አመል ቆጥረው ለመዱት። አመል የሌለው ሰው የት አለ?

እውነቱን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ጋሼ ግራጫ ቀይንና አረንጓዴን አይለይም። ሰማያዊ ያያል፣ ቢጫም ያያል። ቀይ፣ አረንጓዴና ቡኒ ግን ለእሱ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ይህን ለራሱም የተረዳው ቆይቶ ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ጓሮ ልካ «የበሰለውን ቲማቲም ብቻ ልቀም» ስትለው ጥሬውንም ብስሉንም አደባልቆ ያመጣ ነበር። በኋላ እየዳበሰ በልስላሴው መለየት ተማረ እንጂ፣ እስከዚያው ድረስ ስድቡን ጠግቧል። «የዚህ ልጅ ዓይን የት ነው ያለው?» ትላለች እናቱ። ያኔ የሚደርስለት የእናቱ ወንድም ነበር። ይህ አጎቱ ቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ድልድይ ላይ፣ እየተፈራረቀች ቀይና አረንጓዴ የምትሆን አንዲት መብራት ነበረች። አጎትየው ቀይ በርታ እያለች ገብቶ ከፊት ከመጣ አውቶብስ ጋር ለጥቂት ሳይጋጭ ቀረ። ይህ ሲደገም ጠጪ ነው ተባለና ከሥራ ተሰናበተ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ ኖረ። የእህቱ ልጅ በቲማቲም በተሰደበ ቁጥር ከደጅ እየገባ «ተዪው እህቴ። ልጁ ያያል። የሚያየው በራሱ መንገድ ነው» ይል ነበር። ከዚህ በላይ አንድም ቀን አላብራራም።

ልጁ አደገና ስፌት ሊማር አንድ አንጋፋ ሰፊ ዘንድ ገባ። እጁ ፈጣን ስለነበር ጌታው ቶሎ ሥራ አመኑት። የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቡኒ ሱፍ ሰጡትና የኪሱን ዙሪያ በደማቅ አረንጓዴ ክር አሳምሮ ሰፋው። ርዕሰ መምህሩ ሱፉን ለብሰው ወላጆች ፊት ቆሙ። ሳቁ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወጥቶ ሰፊው ቤት ድረስ መጣ። ጌታው ልጁ ሊያላግጥባቸው ያደረገው መሰላቸውና አባረሩት። እሱም «አላየሁትም» ከሚል ይልቅ «አጥፍቻለሁ» ብሎ መውጣቱን መረጠ። የማያይ ሰፊ ማን ይቀጥራል ብሎ ፈራ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለና ሌላ ሰፈር ሄዶ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ይዞ ለብቻው መሥራት ጀመረ።

ክር የሚገዛው ጥግ ላይ ካለ የክርና የአዝራር ሱቅ ነበር። ሌላው ሰፊ ሁሉ «ቡኒ ስጪኝ፣ ሰማያዊ ስጪኝ» ሲል፣ እሱ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ «ከዚህ ጋር የሚሄድ» ይላል። የቀለም ስም ከአፉ አይወጣም። ከመደርደሪያው ኋላ የምትሸጠው ልጅ ይህን ልብ አለች። አንድ ቀን ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ሁለት ጥቅል ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ።

«የትኛው ነው ከጨርቅህ ጋር የሚሄደው?» አለችው።

አነሳቸው፣ ዳበሳቸው፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ገላበጣቸው። ከዚያ «ሁለቱም ጥሩ ክር ነው» አለ።

አልሳቀችም። ትክክለኛውን ጠቅልላ ሰጠችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእንግዲህ ሌላ ሱቅ እንዳትሄድ። ያታልሉሃል» አለችው።

«ሌላ ሱቅ ሄጄም አላውቅ» አላት።

በዚሁ ተጋቡ። ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ጥንድ ዓይን ማየት ጀመሩ። በየጥቅሉ ክር ጫፍ ላይ ቋጠሮ አበጀችለት፤ ለቀይ አንድ፣ ለአረንጓዴ ሁለት፣ ለቡኒ ሦስት። በጣቱ እየዳሰሰ ያነሳል። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲገባ ደግሞ ሚስት ከጥግ ሆና፣ አዝራር እየተከለች፣ «አይ፣ ይሄ ቡኒ እንዴት ደስ ይላል» ወይም «አረንጓዴ ደግሞ ለመልክዎ ይሄዳል» ትላለች። ደንበኛው ሙገሳ መስሎት ፈገግ ይላል። ባልየው የሚፈልገውን ሰምቷል። ሰፈሩ ውስጥ የእሷን ያህል አፈ ቅቤ የለችም እየተባለ ተወራ።

የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳ አራስ ቤት ስትተኛ ነው ግራጫው የመጣው። ብቻውን የቀረው ሰፊ ቋጠሮውን ቢያውቅም የጨርቁን ቀለም የሚነግረው አጣ። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ «ግራጫ ይሻላል» እያለ መለሰ። ሚስቱ ስትመለስ ሱቁ በግራጫ ተሞልቶ፣ ስሙ ወጥቶ ጠበቃት። በጣም ሳቀች። እሱም ስሙን ወደደው፤ ምስጢሩን የሚሸፍንለት ካፖርት ሆነለት።

የተወለደችው ሴት ነበረች። የባል እናት መጥተው ሕፃኗን አቅፈው፣ «መቼም ሴት መውለድ የእናቲቱ ነገር ነው» ብለው ተነፈሱ። ልጅቷ አፍ ስትፈታና ቀለም መጥራት ስትጀምር፣ አባት አንድ ማለዳ ጠረጴዛው ላይ ክር ደረደረላትና «ይሄስ?» እያለ ጠየቃት። «ቀይ። አረንጓዴ። ይሄኛው ቡኒ» አለች ትንሿ። አባት ሚስቱን አየ፤ እሷ ራሷን ነቅንቃ ትክክል ነው አለችው። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት ቦታ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ፈጣሪውን አመሰገነ። ቆይቶ ወንድ ልጅ ተወለደ። እሱንም እንዲሁ ፈተነው፤ እሱም ጥርት አድርጎ ያያል። «በእኔ አበቃ» አላት ለሚስቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለልጆቹ የሚነግርበት ምክንያት አላየም።

ዓመታት አለፉ። ወንዱ ሥራ ይዞ ራቅ ብሎ ሄደ። ሴቷ ትምህርቷን ሳትጨርስ አገባች፣ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ሆነች፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጇ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷም የተወችውን ልትጨርስ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። «ልጄ ያጠናል፣ እኔም ከጎኑ አጠናለሁ» ትል ነበር። ላውንደሪው ከአባቷ ሱቅ ሩቅ ስላልሆነ፣ ልጇ ከትምህርት ሲወጣ አያቶቹ ዘንድ ይቆያታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጇን ለመውሰድ ስትመጣ በእጇ የሥዕል ወረቀት ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ ነበር። መምህሩ አስጠርቷት ነው። ወረቀቱ ላይ ዛፍ ተስሏል፤ ግንዱ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ቡኒ።

«ሦስተኛው ነው» አለች ለእናቷ። «መምህሩ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፣ ትኩረት የለውም ይላል። አንተ፣ ዛፍ አይተህ አታውቅም? ስትስል ለምን አትመለከትም?»

ሕፃኑ «ተመልክቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ግራጫ መቀሱን አስቀመጠ። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። እሱ ያየው ጥሩ ዛፍ ነው፤ አንዳች ስሕተት አላገኘበትም። ወዲያው ገባው። ወረቀቱን ለሚስቱ አቀበላት። እሷም አየችና አንገቷን ደፋች።

ልጃቸው ከሄደች በኋላ «በእኔ አላበቃም» አላት።

«እንንገራት» አለች ሚስት።

«ምን ብዬ? ልጅሽን አበላሸሁብሽ ብዬ?»

«አበላሸህ ያለህ ማነው? አንተ ተበላሽተሃል እንዴ?»

«ትንሽ ቆዪ» አለ። ግራ የገባው ነገሩ የመጣበት መንገድ ነው። ሁለቱንም ልጆቹን በክር ፈትኗል፤ ሁለቱም ያያሉ። ታዲያ ነገሩ በየት ዞሮ መጣ? ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት እውነት ነው፤ ግን ደህና የሚያይ ሰው ውስጥ ተደብቆ እንዴት ይስባል?

መልሱን ያመጣችው ሴት ልጁ ራሷ ናት።

የማታ ትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህርት ድምፅዋ የጎረነነ፣ ቀን ሙሉ ሌላ ቦታ አስተምራ የምትመጣ፣ ጠመኔ ያልነካው ቀሚስ የሌላት ሴት ናት። በዚያ ሳምንት የያዘችው ስለ ህዋስ መከፈልና ስለ ዘር ውርስ ነበር። ተማሪዎቹ ሠራተኞች ናቸው፤ ጥበቃ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የአውቶብስ ጣቢያ ጫኝና አውራጅ፣ የሆስፒታል ጽዳት። እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው መምህርቷ ሁሉንም ነገር ከቤታቸው ታመጣላቸዋለች። «የአጎቱ አፍንጫ ያለው ማነው? ከቤተሰቡ ብቻውን ግራኝ የሆነው ማነው?» ትላለች። በመጨረሻ በነጠብጣብ የተሞላ ካርድ አውጥታ እያዞረች አሳየቻቸው። በነጠብጣቡ መሀል ቁጥር አለ፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ግን ቁጥሩ አይታየውም አለች። ይህ ነገር ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚሄድ፣ እናቲቱ ግን ራሷ ደህና አድርጋ ልታይ እንደምትችል፣ ከአባቷም ልትወርሰው እንደምትችል ሰሌዳው ላይ ሣለችላቸው።

የልብስ ሰፊው ልጅ ብዕሯ እጇ ላይ ቀረ። የልጇ ዛፍ ታያት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ካርዱን ለመነችና ወሰደች። ልጇ በማግስቱ ጠዋት ካርዱን አየና «ነጠብጣብ ብቻ ነው» አላት። ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው፤ ይቅርታ ጠየቀችው። ትምህርት ቤት አድርሳው ወደ ሥራ በመሄድ ፈንታ ወደ አባቷ ሱቅ ታጠፈች።

አባቷ መኪናውን ዘይት እያጠጣ፣ እናቷ አዝራር እየለየች ነበሩ።

«አባዬ» አለች ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ውስጥ ምን ቁጥር ይታይሃል?»

አየው። ሚስቱ ከጥግ እንደ ልማዷ ሳል ሳል አደረጋትና «ስምንት ቁጥር እንዴት ደስ ይላል» አለች።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷን እያየች፣ ስንት ዓመት የሰማቻቸውን «ይሄ ቡኒ እንዴት ደስ ይላል» እያሰበች፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባት። ሳቅም ለቅሶም መጣባት። «እማዬ» አለች፣ «እስከ ዛሬ ድረስ?»

«እስከ ዛሬ ድረስ» አለ አባት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ምንም አይታየኝም ልጄ። የልጅሽም ነገር ከእኔ ነው። አውቄ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋት አይደለም» አለችው። «ቁጭ በል፣ ትናንት የተማርኩትን ላሳይህ። እማዬ፣ ነይ አንቺም።»

ከመደርደሪያው አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ክር አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ለማስረዳት ከጀመረች በኋላ ቆመች። አባቷ ፈገግ አለ። «ለእኔ አንድ ዓይነት ክር ነው ልጄ።» ሦስቱም ሳቁ። ቀዩንና አረንጓዴውን መለሰችና ወፍራም የሱፍ ክርና ቀጭን የጥጥ ክር አመጣች። እነዚህን በጣቱም ያውቃቸዋል።

«እያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክር የመሰሉ ነገሮች አሉ። አርባ ስድስት ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሃያ ሦስት ጥንድ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው። ወፍራሙ ከእናት ቀጭኑ ከአባት በለው። ዓይናችን፣ ቁመታችን፣ የደማችን ዓይነት እዚያ ክር ላይ ተጽፏል። እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲሠራ ታዲያ ህዋሱ እንደሌላው ጊዜ ዝም ብሎ አይከፈልም። መምህራችን ሚዮሲስ ነው የሚባለው አለችን። መጀመሪያ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ይጠጋጋሉ፤ ቁራጭ ቁራጭ ይለዋወጣሉ።» ከወፍራሙ ትንሽ ቆርጣ በቀጭኑ ላይ፣ ከቀጭኑ ትንሽ ቆርጣ በወፍራሙ ላይ ቀጠለችው። «ከዚያ ይለያያሉ። ለእያንዳንዱ እንቁላል ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ይደርሰዋል። ሃያ ሦስት።»

«ለምን ይከፍሉታል?» አለች እናት። «ሙሉውን ቢሰጡስ?»

«የእናት አርባ ስድስት፣ የአባት አርባ ስድስት ቢደመር ልጁ ዘጠና ሁለት ይሆናላ። የልጅ ልጁ ደግሞ የዚያ እጥፍ።»

«በየትውልዱ ሁለት እጥፍ የሚሰፋ ሱሪ» አለ አባት። «ልክ ነው። መቁረጥ አለበት።»

«አዎ። ግማሽና ግማሽ ሲገናኝ ሙሉ ይሆናል። የትኛው ግማሽ እንደሚደርስህ ግን ዕጣ ነው። ለዚህ ነው እኔና ወንድሜ ከአንድ ቤት ወጥተን የማንመሳሰለው።» ከዚያ ሌላ ጥንድ ለብቻ አወጣች፤ አንድ ረጅም ክርና አንድ አጭር። «ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ይሄ ጥንድ ወንድና ሴት የሚለይ ነው። ሴት ኤክስ የሚባለው ክር ሁለት አላት። ወንድ አንድ ኤክስና ዋይ የሚባል አንድ አጭር። ቀይና አረንጓዴ የምናይበት ነገር ኤክሱ ላይ ነው ያለው። እኔ አንዱ ኤክሴ ጎዶሎ ቢሆንም ሌላው ይሸፍንልኛል። ወንድ ግን መለዋወጫ የለውም።»

አባት አጭሯን ክር በጣቱ እያሻሸ አሰበ። «እኔ ታዲያ አንድ ኤክስ ብቻ ካለኝ፣ ለአንቺ የሰጠሁሽ...»

«ያንኑ ነው። ሌላ የለህማ። ለሴት ልጅህ ኤክስህን ትሰጣለህ፣ ለወንድ ልጅህ ዋይህን። ወንድሜ ያንተ ኤክስ አልደረሰውም፤ በእሱ በኩል በአንተ አብቅቷል። እኔ ጋ ግን መጥቶ ተቀምጦ ነበር። እማዬ የሰጠችኝ ስለሚያይልኝ እኔ ቀለም ሁሉ እለያለሁ። ለልጄ ሳካፍል ከሁለቱ አንዱ ሊደርሰው ነበር፤ ያንተ ደረሰው።»

«ቆይ» አለች እናት። አዝራሮቹን ከጭኗ ላይ አነሳች። «ወንድም ሴትም የሚያደርገው ከአባት የሚመጣው ነው አልሽ?»

«አዎ። እናትማ ሁሌም ኤክስ ነው የምትሰጠው።»

«አማቴ ይህን በሰሙ ኖሮ» አለች። «ሴት በመውለዴ ስንት ጊዜ የተነፈሱብኝ፣ ለካ ልጃቸው ነበር።» ባልየው በሳቅ መኪናው ላይ ተደፋ።

ሳቁ ሲበርድለት ግን ፊቱ ተለወጠ። «እኔስ?» አለ። «እኔ ከማን አመጣሁት?»

«ወንድ ኤክሱን ከእናቱ ነው የሚያገኘው። አያቴ ራሷ እያየች ይዛው ነበር ማለት ነው። ወንድም ነበራት?»

ጋሼ ግራጫ ተነሳና ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው። ድልድዩ፣ አንዲቷ መብራት፣ ጠጪ የተባለው ሾፌር በዓይኑ መጡበት። አጎቱ ያዝንለታል ብሎ ነበር ዕድሜውን ሙሉ ያሰበው። ለካ እያዘነለት አልነበረም፤ እያወቀው ነበር። ያው ዓይን ነበረው። ስሙን ሳያውቅለት፣ የሚነግረው ሳያገኝ፣ በገዛ እንጀራው ከፍሎ፣ ያም ሆኖ ለእህቱ ልጅ ሲል በየቀኑ ከደጅ ይገባ ነበር።

ሲመለስ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ብቻዬን የነበርኩ መስሎኝ ነበር» አለ። «አጎቴ ነበር። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሰውዬውን ከመቃብር አውጥተሽ ስሙን አጠብሽለት።»

ወደ ሚስቱም ዞረ። እሷ «ምን ሆንክ?» አለችው።

«አንቺን ደግሞ አመስግኜሽ አላውቅም» አለ።

«አብረኸኝ ስትኖር አመስግነኸኛል። ሂድ ፊትህን ታጠብ፣ ደንበኛ ይመጣል።»

በዚያው ሳምንት አያትየው የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሩ ወጣት ነው፤ ጠብ የመጣበት መስሎት ተነስቶ ቆመ። ጋሼ ግራጫ ግን ሥዕሉን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይሄን ዛፍ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምስለው» አለውና ሁሉን ነገረው። መምህሩ አፈረ፤ ቀለም እርሳሶቹ ላይ ስማቸውን በትንንሽ ወረቀት ጽፎ ለጠፈላቸው። ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ካልታየህ ጠይቀኝ፣ መጠየቅ ነውር የለውም» አለው። ሕፃኑ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ መጣ። «አያቴ፣ አንተም ቅጠሉ አይታይህም?» አለው። «ይታየኛል» አለው ጋሼ ግራጫ፣ «ቀለሙን ሌላ ሰው ይነግረኛል እንጂ።»

ሰፈሩም ሰማ። ሰፊው ራሱ ነው የነገራቸው፤ ለጫማ አዳሹ አንዴ መናገር ይበቃል። ጥቂት ደንበኞች ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው የድሮ ልብሳቸውን ክር መረመሩ፤ የተሳሳተ ያገኘ የለም። ብዙዎቹ የጨርቁን ቀለም ራሳቸው እየጠሩ ማምጣት ጀመሩ። «ጋሼ፣ ይሄ አረንጓዴ ነው፣ እኔ ነኝ የምለው» ይላሉ። ሚስቱ ከሥራዋ ግማሹ ቀለለላት።

የባዮሎጂ መምህርቷ ነገሩን ከሴት ልጁ ስትሰማ ክፍሉ ድረስ እንዲመጡላት ለመነች። ጋሼ ግራጫ እምቢ እያለ እያመነታ፣ የራሱን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ሚስቱን ይዞ ሄደ። ወንበር ሰጥተው ፊት ለፊት አስቀመጡት። መምህርቷ የቤተሰቡን ዛፍ ሰሌዳው ላይ ሣለች፤ አጎት፣ እናት፣ እሱ፣ ልጁ፣ የልጅ ልጁ። ሰውየው የራሱን ዘር በጠመኔ ተስሎ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ።

ዳቦ ጋጋሪዋ እጇን አወጣች። «አባባ፣ ቢቻል ኖሮ ዓይንዎን ይለውጡት ነበር?»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ልጅ ሳለሁ ብትጠይቂኝ አዎ እልሽ ነበር። እንጀራዬን አንድ ጊዜ ያሳጣኝ ዓይን ነው። አሁን ግን ሳየው በዚህ ዓይን የተነሳ ያጣሁት ትንሽ፣ ያገኘሁት ብዙ ነው። ሰው መጠየቅ ለመድኩ። ጠይቄ ያሳፈረኝ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። እናንተም ይህን ትምህርት ደክማችሁ ስትማሩ እንቅልፍ ሲመጣባችሁ፣ አንድ ሽማግሌን ከአንድ ትልቅ ሸክም ያወረደ ትምህርት ነው ብላችሁ ንቁ። መምህርት፣ እርስዎንም እግዜር ያክብርልኝ።»

መምህርቷ በጎርናና ድምፅዋ አመሰገነችው፤ ክፍሉም አጨበጨበ።

ሲወጡ የአውቶብስ ጣቢያው ጫኝና አውራጅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ደረተ ሰፊ፣ እጀ ጠንካራ ሰው ነው፤ በክፍሉ ውስጥ አንድም ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ካርዱ ሲዞር ቶሎ ብሎ ለጎረቤቱ ያቀበለው እሱ ነበር።

«አባባ» አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሻንጣ የምለየው በመያዣው ነው። ተሳፋሪ ቀዩን አውርድልኝ ሲለኝ ላብ ያጠምቀኛል።»

ጋሼ ግራጫ ክንዱን ያዘው። «ቀስ ብለህ አጫውተኝ» አለው።

ወደ ፌርማታው አብረው ሄዱ። አውቶብሱ ሲመጣ ሚስቱና ሴት ልጁ ተሳፈሩ፣ በመስኮት ጠሯቸው። ሁለቱ ወንዶች ግን «እንደርስባችኋለን» ብለው አውለበለቡላቸውና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጫኝና አውራጁ ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ማውጋት ይዞ ነበር።